የወረቀት ጤና በምን ይታወቃል?

ጥርዙ የጠበቀ፣ ጀርባው ያማረ መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርደን ስንገልጠው ገጹ በጫጭቶ ጠርዙ እንደ ደረቅ ቅጠል እጃችን ላይ ይቀራል። «ሠልጣኙ አያያዝ አያውቅም» ማለት ይቀናናል። ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ከወረቀቱ ከራሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ርካሽ ወረቀት በብዛት የሚሠራው ከእንጨት ነው። በውስጡ የሚቀረው ሊግኒንና ቀለም እንዳይሰርግበት የሚጨመረው ኬሚካል እያደር አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱም የወረቀቱን ቃጫ ይቆራርጠዋል። ብራና ከቆዳ ስለሚሠራ ይህ ደዌ የለበትም፤ የአባ ገሪማ ወንጌል ከ1,300 ዓመት በላይ ዘልቋል። ጋዜጣ ግን መስኮት አጠገብ ጥቂት ሳምንት ካደረ ይበጫል። እኛ በቦሌና በኮተቤ በኩል ያለነው ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብለን ስለምንኖር ፀሐያችን ኃይለኛ ነው። የክረምቱ ርጥበትና የበጋው ድርቀት ሲፈራረቁበትማ አይጣል ነው!

ምርመራው ቀላል ነው። ጽሑፍ የሌለበትን የገጹን የታች ማዕዘን ወደ ፊት ማጠፍ፣ ከዚያ ወደ ኋላ መልሶ ማጠፍ፤ ይህ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ከአራት ሳያልፍ ከተሰበረ ወረቀቱ ተሰባሪ ነው። ታዲያ ፈተናው ራሱ ማዕዘን ይቆርጣልና ከአንድ መጽሐፍ አንድ ገጽ ይበቃል። ብርቅ በሆነ መጽሐፍና በእጅ ጽሑፍ ላይ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ በዓይን አይቶ መመዝገብ ነው።

ሁሉም መጽሐፍ ይታጠፍ አላልንም። ከመዝገቡ ቁጥር በዕጣ 400 ያህል ቢወጣ፣ የሚገኘው ውጤት ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው ከመቶ አምስት ያህል ቢዛነፍ ነው። ዕጣው ይቅር ተብሎ ዓይን የገባው ብቻ ከተመረጠ ግን ድካሙ ከንቱ ነው። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ 36,500 ያህል መጻሕፍት በዚሁ መንገድ አስመርምሮ እ.ኤ.አ. በ1985 ውጤቱ ሲታተም፣ ከመቶ 37 ያህሉ ተሰባሪ፣ ከ80 በላዩ አሲድ ያለበት ሆኖ ተገኝቷል።

የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍ ይቅር፤ ሙጫው ይበጫል፣ ገጹንም ያቆሽሻል። ከውጭ የመጣ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ቢጠፋ ሌላ ቅጂ ይገኝ ይሆናል። የቀድሞ መምህራን በአማርኛ አዘጋጅተው በስቴንስል ያባዟቸው ጥራዞች ግን ምናልባት ያሉት እኛ ጋ ብቻ ነው፤ ወረቀታቸውም ከሁሉ የከፋ ነው። ስለዚህ እነዚህ ዕጣ ሳይጠብቁ ቀድመው ይታዩ፣ ፎቶ ይነሡ፣ ዋናዎቹም ፀሐይ በማያገኛቸው ካርቶን ይቀመጡ። መዝገቡን ቅዳሜ ጧት እንጀምራለን፤ የሚረዳን ሰው እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ ይዞ ይምጣ።