ዋልያና ጎረቤቱ

ከአዲ አርቃይ ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚያቀና መንገደኛ፣ የዛሪማን ቆላ አልፎ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ሽቅብ ሲወጣ፣ እንደ ቅጥር ተገትሮ የሚታየው የስሜን ገደል በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ፍጥረት፣ ማለትም የዋልያ፣ ማኅደር መሆኑን ቢያስብ ድካሙ ይቀልለታል።

ጀርመናዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ለዓለም ሊቃውንት ያስተዋወቀው ይህ እንስሳ ከፍየል ወገን ነው። አውራው እስከ 125 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ወደ ኋላ የታጠፈው ቀንዱም ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ሣርና ቅጠል እየቀጠፈ፣ አስታ በሚበቅልበት ደጋና በገደሉ እርከን ላይ ይውላል። አውራው እንስቲቱን የሚከተለው ይልቁንም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን፣ እርሷም አምስት ወር ያህል አርግዛ፣ ክረምቱ አልፎ ሣሩ በለመለመበት በመስከረምና በጥቅምት፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ግልገል ብቻ ትወልዳለች። እንግዲህ በጥይት የወደቀውን ቍጥር መልሶ ለመሙላት ብዙ ዘመን የሚጠይቀው ስለዚህ ነው።

ገደሉ ከነብር ቢያስጥለውም ከጠመንጃ አላስጣለውም። ገበሬውም ቢሆን መሬት ጠቦት ገብሱን በተዳፋት ላይ ሲዘራ፣ ከብቱንም ወደ አፋፉ ሲያሰማራ፣ ዋልያው ወደ ጠባቡ ጥግ ተገፋ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ጸና፤ በ1978 ዩኔስኮ በመጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነ፤ በ1996 ግን የዋልያው መመናመንና የሰፈራው መስፋፋት አደጋ ከተደቀነባቸው ቅርሶች መዝገብ አስገባው። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ሲሆን፣ በዋዜማው ዓመት በፓርኩ መካከል የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች አባቶቻቸው የኖሩበትን ቀዬ ትተው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል።

ዓለም ሲደሰት ወጪውን የከፈለው ማን እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል። የዋልያን ስም ለብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ሰጥተን በሜዳ ላይ ስንጮህለት ደስ ይለናል፤ ነገር ግን እርሻውንና ግጦሹን ለእንስሳው የለቀቀው ደገኛ በአዲሱ ቀዬው ኑሮው ካልተቃና፣ የቀረው ጎረቤቱ የፓርኩን ወሰን እንደ ራሱ ድንበር ሊጠብቅልን አይችልም። ስለዚህ ዋልያው እንዲጠበቅ የሚሻ ሁሉ፣ አስቀድሞ የዚያን ገበሬ ዕዳ ይክፈል።