ዳኛን ማን ይሾማል? ማንስ ይሽራል?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል የአሮጌውን ሥርዓት ፍትሕ ምንነት ጠቅልሎ ይገልጻል። በደባርቅና በዳባት፣ እንዲሁም በስሜን ተራሮች ግርጌ ገብስ የሚያርሰው ገበሬ በርስት ሲካሰስ ኖሯል፤ ዳኛውን የመምረጥ መብት ግን አልነበረውም። ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 90 የተቋቋመው አጥቢያ ዳኛ እስከ 25 ብር የሚደርስ ክርክር ቢያይም፣ ሥልጣኑን የሚያገኘው ከላይ ተሹሞ እንጂ በባለጉዳዩ ተመርጦ አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ግንኙነት ለወጠው። ስፋቱ ቢያንስ 20 ጋሻ በሆነ አካባቢ የሚደራጀው የገበሬዎች ማኅበር የመሬት ክርክር የሚያይ የራሱን ፍርድ ሸንጎ አቋቋመ። በ1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 71 የሸንጎውን ሥልጣን አሰፋው። በ1980 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ደግሞ የምርጫውን መርሕ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰው፤ ዳኞች በሸንጎ ይመረጡ ነበር፤ የሥራ ዘመናቸውም ከሸንጎው ዘመን ጋር ያበቃ ነበር።

ይሁን እንጂ ሸንጎውን ይመራ የነበረው አንድ ፓርቲ ነው። በየጊዜው ዳግመኛ መመረጥ ያለበት ዳኛ፣ ለመራጩ ሳይሆን ለአስመራጩ እንዲያድር መገደዱ አይቀርም። በመሆኑም ምርጫ ብቻውን ለፍትሕ ዋስትና አይሆንም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሌላ መንገድ ተከተለ። የደባርቅና የዳባት ወረዳ ፍርድ ቤት ዳኞች በክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት በክልሉ ምክር ቤት ይሾማሉ። ዳኛው ከጡረታ ዕድሜው በፊት ከሥራው የሚነሣው በዲሲፕሊን ጥፋት፣ በጉልህ የችሎታና የቅልጥፍና ማነስ ወይም በሕመም ምክንያት ብቻ ነው። ለዚያውም ጉባኤው ወስኖ፣ ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ሲያጸድቀው ነው።

ይህ ጥበቃ ለዳኛው ምቾት የተሰጠ ስጦታ አይደለም። ገበሬው የወረዳውን አስተዳደር በመሬቱ ጉዳይ ሲከስ፣ ዳኛው ነገ ከወንበሬ እነሣለሁ ብሎ የሚሰጋ ከሆነ ክርክሩ ገና ሳይሰማ ተፈርዷል ማለት ነው። በሌላ በኩል፣ ጉቦ የሚቀበል ዳኛ በዚሁ ጥበቃ ሥር ቢሸሸግ ጉዳቱ በዚያው ገበሬ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ሁለት ነገሮች ሊምታቱ አይገባም። ፍርዱ ቅር ያሰኘው ይግባኝ ይበል፤ የዳኛው ጥፋት ያስከፋው ለጉባኤው አቤት ይበል። ፍርዱን ስላልወደዱት ዳኛውን ማስነሣት የሚሹ ባለሥልጣናት የመጀመሪያ ሰለባቸው ዳኛው ቢመስልም፣ የመጨረሻው ሰለባ ግን ከእነርሱ ጋር የሚካሰሰው ደሃ ገበሬ ነው።