ድልድይ ያልተሠራለት ወንዝ

የመንገድ መሐንዲስ በመስኮት ሲመለከት የሚታየው ቦይ፣ ቱቦና ተዳፋት ነው። ሜልቦርን የሚኖረው የእህቴ ልጅ ይህን አመሌን ስለሚያውቅ፣ ሰሜን ኩዊንስላንድ ወስዶኝ ገና ከኬርንስ ከተማ ሳንወጣ አስጠነቀቀኝ። «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ስለ አስፋልት እንዳታወራ። ባሕሩን ተመልከት።»

ቃል ገባሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅሁት።

ጥፋቱ የእኔ ብቻ አልነበረም። አውስትራሊያ የሚነዳው በግራ ነው፤ ወደ ሰሜን ስንሄድ ባሕሩ በሾፌሩ በኩል ዋለ፣ ለእኔ መስኮት የደረሰው ተቆርጦ የቆመው ቋጥኝ ነው። የካፕቴን ኩክ አውራ ጎዳና እስከ ሞስማን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የተከፈተው በ1933 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በዚያ ዘመን የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ያጡ ሰዎች በዶማና በአካፋ ነበር የቆፈሩት። ያስታውቃልም። በእጅ የሚቆፍር ሰው ተራራ ይፈራል፤ ኩርባውን ተከትሎ፣ በገደሉ እግር እየታከከ ይሄዳል እንጂ አይጋፋም። እኛን ያደፋፈረን ዶዘር ነው።

ኤሊስ ቢች ላይ ወርደን እግራችንን አፍታታን። አሸዋው ላይ ሰው የለም፤ ምሰሶ ላይ ግን ጠርሙስ ታስሯል። አቼቶ ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የሚመጣው ቦክስ ጄሊፊሽ በነደፈው ሰው ላይ ቶሎ የሚያፈሱት። ጎን ለጎን የአዞ ማስጠንቀቂያ ቆሟል፤ ከእንግሊዝኛው ሥር በጀርመንኛ «አኽቱንግ» ተጽፎበታል። ሳንዋኝ ወደ መኪናችን ተመለስን።

ከሞስማን የሸንኮራ ማሳ በኋላ አገሩ ዝቅ ይልና መንገዱ ዴንትሪ ወንዝ ዳር ይቆማል። ድልድይ የለም። መኪኖች ተሰልፈው በብረት ገመድ የሚጎተት ጠፍጣፋ ጀልባ ይጠብቃሉ። ሠላሳ ዓመት ድልድይና ቱቦ ሳሰላ የኖርኩ ሰው ነኝና እጄን በላኝ፤ የመሸጋገሪያውን ንድፍ፣ የምሰሶውን ቁጥር ሳይቀር፣ ወረፋ ላይ ሆኜ በሐሳቤ ጨረስኩት። ለካ ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ድልድይ ይሠራ ተብሎ በአካባቢው ደጋግሞ ተነስቷል። ከማዶው ደን የመብራት መስመር እንኳ አይደርስም፤ ነዋሪው በፀሐይ ኃይልና በጄኔሬተር ነው የሚኖረው። ጀልባው ደግሞ መኪናውን ጥቂት በጥቂት ነው የሚያሻግረው፤ ሌሊት ይቆማል። መጓጓዣ ብቻ መስሎኝ ነበር። በር ነው።

ከወንዙ ማዶ መንገዱ አሌክሳንድራ ተራራን ሲወጣ ደኑ ከላይ ይገጥማል። ቀትር ላይ መብራት አበራን። ይህ ደን በዓለም እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ዝናባማ ደኖች አንዱ ነው፤ በ1988 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መሬቱ በ2021 ለጥንት ባለቤቶቹ፣ ለምሥራቅ ኩኩ ያላንጂ ሕዝብ፣ ተመልሷል። እኔ ግን የማየው አስፋልቱን ነበር፤ ጠርዙ ላይ ሽበት የያዘው፣ እርጥብ፣ ቅጠል የተነጠፈበት። ትምህርት ቤት ያስተማሩን ግልጽ ነው፦ መንገድ ፀሐይ ካላገኘ አይደርቅም፤ ካልደረቀ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ግራና ቀኙን ግለጠው።

እኔም ገልጬ አውቃለሁ። በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ፣ የጫካ ቡና በሚበቅልበት አገር፣ የአንድ ጠጠር መንገድ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ በነበርኩበት ጊዜ። የመንገዱ ክልል በውሉ የተጻፈውን ስፋት ያህል እንዲመነጠር ፈረምኩ፤ በላይኛው ተዳፋት ላይ የቆሙትን ትልልቅ ዛፎች ጨምሮ። ሰኔ 30 ደርሷል፣ የተጠናቀቀ ኪሎ ሜትር ሪፖርት ይጠበቃል። መንገዱ እውነትም ደረቀ። በሁለተኛው ክረምት ግን ሥሩ የበሰበሰው ተዳፋት እንዳለ ወርዶ ሁለት ቱቦ ቀበረ። በሪፖርቱ «ከተለመደው በላይ የጣለ ዝናብ» ብዬ ጻፍኩ። ዝናቡ የተለመደው ነበር።

እዚህም ቢሆን ዛፍ ተራራን ሁሉ ይይዛል የሚል የለም። በታኅሣሥ 2023 ጃስፐር የተባለው አውሎ ነፋስ ሲያልፍ፣ በአንዳንድ ሥፍራ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ፤ አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ይበልጣል። ደኑ ሙሉ ነበር፣ ሆኖም የአሌክሳንድራ ተራራ ተንሸራቶ መንገዱን ቆረጠው፤ ከማዶ ያለው ሰው ተነጠለ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ጥላውን ሳይነኩ የተዉት የጥላውን ዕዳ እየከፈሉ ነው፤ የቦይ ጠረጋውን፣ የወደቀ ቅርንጫፍ ማንሳቱን፣ ቶሎ ቶሎ ጥገናውን። እኔ ያንን ወጪ ላለመክፈል ነበር ዛፉን የቆረጥኩት።

ካሶዋሪ የሚሻገርበት ቦታ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። ካሶዋሪ የሰው ቁመት የሚያክል፣ መብረር የማይችል ወፍ ነው፤ ፍሬውን እንዳለ ውጦ ዘሩን በየደኑ የሚጥል፣ ጫጩቶቹንም አባትየው የሚያሳድግ። አንድ ቀልደኛ የጉብታውን ምልክት በቀለም አስተካክሎ በጀርባው የተዘረረ ካሶዋሪ አስመስሎታል፤ «በፊት» እና «በኋላ» እንዲባል። ብዙ ምልክት አስተክያለሁ። እንዲህ የገባኝ ግን የለም።

ኬፕ ትሪቢዩሌሽን ደኑ ባሕሩን ይነካል። በ1770 የካፕቴን ኩክ መርከብ ኮራል ሪፍ ላይ የተሰነጠቀችው ከዚህ ብዙ ሳትርቅ ነውና ካፕቴኑ ቦታውን «የመከራ ርእሰ ምድር» አለው፤ ኩኩ ያላንጂዎች ኩልኪ ይሉታል። አስፋልቱ አልቆ ጥርጊያው ይጀምራል፣ የእኛ መኪና ደግሞ ለከተማ የተሠራች ናት። ያን ጥርጊያ በ1983 የአካባቢው ምክር ቤት በዶዘር ሊከፍት ሲመጣ፣ ተቃዋሚዎች ራሳቸውን ከዛፍ ጋር በሰንሰለት አስረዋል፤ አፈሩ ውስጥ እስከ አንገታቸው የተቀበሩም ነበሩ። በ1984 መንገዱ ተከፈተ። ዶዘር ላይ የነበረውን ሰው አሰብኩት። ደመወዝተኛ ነው፣ ቀኑ ሳይመሽ ሊጨርስ የመጣ። እኔም ብሆን ያን ቀን ከዶዘሩ ወገን እቆም ነበር።

ስንመለስ ወንዙ ዳር ረጅም ሰልፍ ጠበቀን። የእህቴ ልጅ መሪውን እየነካካ፣ «ጋሼ፣ አሁን አውራ፤ ፈቅጃለሁ። ይሄን ድልድይ ብትሠራው ስንት ጊዜ ይፈጅብሃል?» አለኝ።

«ሞተሩን አጥፋው» አልኩት። ጀልባው ገና በወዲያኛው ዳር ነበር።