የጣና ዓሣ ሀብት ከወንዙ ጠጠር ይጀምራል

ክረምት ገብቶ የፎገራ ሜዳ በውሃ ሲሸፈን፣ ጉማራና ርብ ወንዞችም ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሲሞሉ፣ በጣና ሐይቅ የሚኖረው ነጭ ዓሣ ጉዞ ይጀምራል። በመጀመሪያ ወንዞቹ ወደ ሐይቁ በሚገቡበት አፍ ላይ በብዛት ይሰበሰባል። ቀጥሎም ጎርፉን እየተጋፋ ሽቅብ ይወጣና ውሃው ጠርቶ በጠጠር ላይ እየተንሿሿ ከሚወርድባቸው ትናንሽ ገባሮች ይደርሳል። ዕንቁላሉን የሚጥለው እዚያ ነው። ይህ ጉዞ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚከናወን ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ የሚኖር ዓሣ አስጋሪ ሁሉ ወቅቱን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ዓሣው ለመራባት በአንድ ቦታ የሚሰበሰብበት ሰሞን፣ መረብ ለዘረጋ ሰው ብዙ ለመያዝ የሚመችበት ሰሞን ነውና።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ይህን ያህል ቢሆንም ጥልቅ ከሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ይወርዳል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታችኛው ዓባይ የሚገኙ ዓሦች ወደ ላይ እንዳይወጡ ስላገደ፣ በሐይቁ ውስጥ ያሉት ለረጅም ዘመን ለብቻቸው ሲራቡ ኖረዋል። በዚህም ምክንያት ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በጣና ተገኝተዋል። አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ናቸው። ከእነዚህም ሌላ ለገበያ የሚፈለጉት ቆሮሶና አምባዛ በሐይቁ ይኖራሉ።

ዓሣ እንደ በሬ ወይም እንደ በግ ሰውነቱን በራሱ ሙቀት ጠብቆ የሚኖር እንስሳ አይደለም። ውሃው ሲሞቅ ይሞቃል፤ ሲበርድም ይበርዳል። ምግብ የመፍጨት ኃይሉና የዕድገቱ ፍጥነት የሚወሰኑት በዚሁ ነው። ለምሳሌ ቆሮሶ ፈጥኖ የሚያድገው የውሃው ሙቀት ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆንበት ጊዜ ነው። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ግን የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ መራባቱንም ያቆማል። በደጋ አገር ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ የሚያረባ ገበሬ፣ በቆላ ካለው ባልንጀራው እኩል ጊዜ ጠብቆ እኩል ክብደት ያለው ዓሣ የማያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ኩሬው ጠቦ ዓሣው ሲበዛም ሌላ ጉድለት ይከተላል። ቆሮሶው ገና በትንሽነቱ መራባት ይጀምርና ኩሬው በማያድጉ ጥቃቅን ዓሦች ይሞላል።

ከሙቀት ቀጥሎ የሚያስፈልገው በውሃ ውስጥ የሚገኘው አየርና ምግብ ነው። ቆሮሶ በአብዛኛው የሚመገበው በውሃ ውስጥ የሚበቅሉትን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አረንጓዴ ዕፀዋት ነው። እነዚህም እንደ ማንኛውም ሰብል የፀሐይ ብርሃን ይሻሉ። ከተራቆተ ተዳፋት የታጠበ አፈር ውሃውን ሲያደፈርሰው ብርሃን ወደ ውስጥ መዝለቅ ስለሚሳነው የዓሣው መኖ ይቀንሳል። ደለሉ ወንዝ ውስጥ በጠጠሩ ላይ ሲተኛ ደግሞ የነጭ ዓሣ ዕንቁላል አየር አጥቶ ይበላሻል። አምባዛ ከውሃው ላይ ብቅ እያለ አየር መሳብ ስለሚችል ጭቃማና አየር ያነሰውን ውሃ ይቋቋማል፤ ነጭ ዓሣ ግን ይህ ዕድል የለውም።

ሦስቱ ዓሦች የሚራቡበት መንገድም እንደዚሁ የተለያየ ነው። የቆሮሶ እናት ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹም ጥልቀት በሌለውና ሣር በበዛበት የሐይቁ ዳር ተጠልለው ያድጋሉ። በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ስለምትራባ ጉዳት ቢደርስባትም ፈጥና መተካት ትችላለች። አምባዛ ክረምት ሲገባ ውሃ ወደሸፈነው ሜዳ ወጥቶ ዕንቁላሉን ይጥላል። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግማሽ የሚያህሉት ግን ወንዝ ካልወጡ አይራቡም። የሚራቡበትም ወቅት በዓመት አንዴ ነው፤ ለአካለ መጠን ለመድረስም ዓመታት ይፈጅባቸዋል። በወንዝ አፍ በአንድ ሌሊት የሚወጣው መረብ የብዙ ዓመት ዕድገትንና ገና ያልተፈለፈለውን ትውልድ አብሮ ይዞ ይወጣል ማለት ነው።

ይህ ሥጋት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በጣና ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የቆየው ከደንገል በተሠራ ታንኳ የሚካሄደው አነስተኛ የዓሣ ማስገር ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ግን ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና ዘመናዊ የናይለን መረቦች ገቡ። ለከተማው ገበያ የሚቀርበው ዓሣ ጨመረ፤ ብዙ ቤተሰብም የገቢ ምንጭ አገኘ። ይሁን እንጂ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 የነበረውን ከ1999 እስከ 2001 ከነበረው ጋር ሲያነጻጽሩ፣ የነጭ ዓሣው ብዛት ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ቀንሶ ተገኘ። ዋነኛው ምክንያትም ዓሣው ለመራባት በሚሰበሰብበት የወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋቱ መሆኑን አስረድተዋል።

ከዚያ ወዲህ በዓሣው ላይ ሌሎች ችግሮች ተደራርበዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የሐይቁ ውሃ እጅግ ዝቅ በማለቱ ጀልባዎች ለመጓዝ ተቸግረው ነበር። ውሃው ሲሸሽ በመጀመሪያ የሚደርቀው ጫጩቶች የሚያድጉበት የሐይቁ ዳር ነው። ገበሬውም ውሃው የለቀቀውን መሬት ተከትሎ ባሕር ሸሽ እርሻ ስለሚያርስ ደንገሉና ቄጠማው ይመነጠራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ መታየቱ የተገለጸው እምቦጭ አረም ደግሞ የውሃውን ገጽ ሸፍኖ ብርሃን ይከለክላል፤ ሲበሰብስም በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሳል። አረሙን የሚያፋፋው ከማሳና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና ቆሻሻ ነው። በወንዞቹ ላይ የሚካሄደው የአሸዋና የጠጠር ማውጣት ሥራ፣ የመስኖ ጠለፋና ግድብም ዓሣው የሚሄድበትን መንገድና የሚራባበትን ስፍራ ይነካሉ።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀምን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 315/1995 በአገር አቀፍ ደረጃ ወጥቷል። ይሁን እንጂ ሕግ ፍሬ የሚሰጠው የዓሣውን የኑሮ ጊዜ ሲከተል ነው። ሰፊ ዓይን ያለው መረብ የሚጠቅመው ትንሹ ዓሣ ሾልኮ አንድ ጊዜ እንኳ ተራብቶ እንዲያዝ ስለሚያደርግ ነው። ይህ ለቆሮሶ ጥሩ መከላከያ ነው። ለነጭ ዓሣ ግን ብቻውን አይበቃም፤ በወንዝ አፍ የሚሰበሰበው ዓሣ ትልቁና ዕንቁላል የያዘው ነውና። እርሱን የሚያድነው በክረምቱ ወራት የወንዝ አፎችንና ገባሮቹን ከመረብ ነፃ ማድረግ ነው። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መጨመር ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ስለሚፈጅ በየትኛውም ወቅት የሚደገፍ አይደለም።

የአስጋሪውም ችግር መታየት ይኖርበታል። የነጭ ዓሣ ጉዞ ከሚበረታባቸው ወራት አንዱ ነሐሴ ነው። በዚያው ወር የፍልሰታ ጾም ስለሚገባ የዓሣ ፈላጊው ይበዛል፤ ዋጋውም ይጨምራል። በክረምቱ ሌላ ገቢ የሌለውን ሰው «አትያዝ» ማለት ብቻ መረቡን አያስወጣውም። ስለዚህ በማኅበር የተደራጁ አስጋሪዎች በእነዚህ ወራት ከወንዝ አፍ ርቀው ቆሮሶና አምባዛ እንዲይዙ፣ በጾሙ ገበያ የሚያገኙትም በዓሣው ብዛት ሳይሆን በጥራቱ እንዲሆን ማገዝ ይገባል። ዓሣው እንደተያዘ ወዲያው ሆድቃው ወጥቶ በበረዶ ቢያዝ ሳይበላሽ ገበያ ይደርሳል። የሚበላሸው ዓሣ በቀነሰ ቁጥር፣ ያንኑ ገቢ ለማግኘት ከሐይቁ የሚወጣው ዓሣም ይቀንሳል።

ከሐይቁ ርቆ በተራራው ላይ የሚያርሰው ገበሬም በዚህ ሥራ ድርሻ አለው። እርከን ሲሠራ፣ በወንዙ ዳር ሣርና ዛፍ ሲያስቀር፣ ማሳውን እስከ ውሃው አፋፍ ከማረስ ሲቆጠብ አፈሩ ከእርሻው አይሄድም። በእርሱ ማሳ ላይ የቀረው አፈር በታች ባለው ጠጠር ላይ አይተኛም፤ በጠጠሩ መካከል ያለውም ዕንቁላል ይፈለፈላል። በመጪው ክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ ነጭ ዓሣው እንደልማዱ ወደ ላይ ይወጣል። መንገዱን ክፍት፣ ጠጠሩንም ንጹሕ ሆኖ ማግኘቱ ከላይ እርፍ በያዘውና ከታች መረብ በያዘው እጅ ላይ ነው።