የመስከረም አበባና የሐይቁ ዳር

በሐዋሳ አዲስ ከተማ የምንኖር ሁሉ ክረምቱ አልፎ መስከረም በጠባ ጊዜ የዱር አበባ ለማየት ወደ ታቦር ወይም ወደ አላሙራ ተራራ ብንወጣ ለአካልም ለመንፈስም እጅግ ይበጃል። አደይ አበባ የሚቆየው ጥቂት ሳምንት ነውና ጊዜው ሳያልፍ መሄድ ነው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ መያዝ አይዘንጋ።

የሚያሳስበን መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። ተማሪው የደከመ እግሩን ለማቀዝቀዝ ወደ ሐይቁ ይሮጣል። በሐዋሳ ሐይቅ የቢልሃርዝያ ትል መኖሩ በምርመራ የታወቀ ነው። ከቀንድ አውጣ የሚወጣው ይህ ትል ለዓይን አይታይም፤ ጤነኛውን ቆዳ በስቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል፤ ይልቁንም ፀሐይ በበረታች ጊዜ ይበዛል። ስለዚህ መምህሩ ለእግር መታጠቢያ የቧንቧ ውሃ አስቀድሞ ቢያዘጋጅ እንመርጣለን። ወደ ሐይቁ የገባ ልጅ ቢኖር፥ ሕመም ባይሰማውም፥ 2 ወር ያህል ቆይቶ ሰገራውን ያስመርምር፤ እንቁላሉ ወዲያው አይገኝምና። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል።