ስለ ጡረታ ሐሳብ በእንግሊዝኛ በጨዋ ደንብ ስለ መጠየቅ

ዛሬ የምናወሳው በየመሥሪያ ቤቱ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጋራ ለምትሠሩ ሁሉ ሊያጋጥማችሁ የሚችል ጉዳይ ነው።

አንድ ወጣት ጸሓፊ በዕድሜ ከገፉ የውጭ አገር አማካሪ ጋራ ይሠራ ነበር። እንደ አባት ያያቸው ስለ ነበረ፣ ሥራቸውን በደንብ ለመረከብና የመሸኛ ግብዣም በጊዜው ለማሰናዳት አስቦ «ዌን አር ዩ ሪታየሪንግ?» ሲል ጠየቃቸው። ሰውየው ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ሳይመልሱም ወደ ክፍላቸው ገቡ። ወጣቱ «ጡረታ የሚወጡት መቼ ነው?» ማለቱ ነበር፤ እርሳቸው ግን «መቼ ይሄዱልናል?» ያላቸው መሰላቸው። የሰዋስው ስሕተት አልነበረበትም፤ የጐደለው አክብሮቱ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በአማርኛ አክብሮት የሚያድረው በተውላጠ ስሙና በግሱ ላይ ስለ ሆነ፣ «እርስዎ» ካልን ጥያቄው ቢያጥርም ክብሩን አያጣም። እንግሊዝኛ ግን ለሕፃንም ለሽማግሌም፣ ለአለቃም ለምንዝርም «ዩ» ይላል። ጥንት ለቅርብ ሰው የሚነገረው «ዛው» የሚለው ቃል ከተለመደው ንግግር ከወጣ ቈይቷል። ስለዚህ አክብሮቱ የሚገለጸው በዐረፍተ ነገሩ አሠራር ነው።

ቃሉም ራሱ ልዩነት አለው። የእኛ «ጡረታ» ልጅ ወላጁን «ጦረ» ከምንለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ መደገፍንና መንከባከብን ያሳስባል። ከፈረንሳይኛ የመጣው «ሪታየር» ግን በመነሻው ወደ ኋላ ማፈግፈግ፣ ገለል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሕጉም ይለያያል። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ስለ ሆነ ጥያቄው ቀን እንደ መቍጠር ያህል ነው። በአሜሪካ ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1967 የወጣው ሕግ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሠራተኞች በዕድሜ ምክንያት ከሚደርስ አድልዎ ይጠብቃል፤ በ1986 ከተሻሻለ ወዲህም ከጥቂት ሙያዎች በቀር ሠራተኛን በዕድሜው ብቻ ጡረታ ማስወጣት ቀርቷል። በብሪታንያም 65 ዓመት የነበረው መደበኛ የጡረታ ዕድሜ በ2011 ተሽሯል። እንግዲህ በእነዚያ አገሮች አለቃ ስለ ጡረታ ሲጠይቅ፣ «ልቀቅ» እንደ ማለት ሊቈጠርበት ይችላል።

ታዲያ እንዴት እንጠይቅ? መጀመሪያ ፈቃድ እንጠይቅ፤ «ኢፍ ዩ ዶንት ማይንድ ማይ አስኪንግ» ማለት «መጠየቄን ካልጠሉት» ነው። ሁለተኛ፣ ግሱን ወደ ኀላፊ ጊዜ እንመልሰው፤ «አይ ዋዝ ወንደሪንግ» ሲባል «እንዲያው ሳስብ ነበር» እንደ ማለት ሆኖ ጥያቄውን ያለዝበዋል። ሦስተኛ፣ «መቼ» በማለት ፈንታ «ሐሳብ ይኖርዎት እንደ ሆነ» እንበል፤ ይኸውም «ዌዘር ዩ ሃድ ኤኒ ፕላንስ ፎር ሪታየርመንት» ነው። «መቼ» የሚለው ቃል መሄዱን የተቈረጠ ነገር ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ግን ምርጫውን ለባለቤቱ ይተዋል።

ጠያቂው አለቃ ከሆነ ግን ጡረታን ሳያነሣ፣ ወጣቱንም ሽማግሌውንም በእኩል «ዋት አር ዩር ፕላንስ ፎር ዘ ኔክስት ፊው ይርስ?» ቢል፣ ማለት «ለሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ምን አስበዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። የተጠየቀው ሰው «ኖት የት» ብሎ በአጭሩ ከመለሰ፣ «ገና ነኝ» ማለቱ ነውና ጨዋታውን ወደ ሌላ ነገር መመለስ እንጂ ደግሞ መጠየቅ አይገባም።

ያ ወጣት ከሰነበተ በኋላ ይቅርታ ጠይቆ፣ ጥያቄውን በዚህ አኳኋን አቀረበላቸው። ሰውየውም ወንበር ስበው አስቀመጡትና ገና ሁለት ዓመት ለመሥራት እንደሚያስቡ፣ ከዚያም በፊት የሚያውቁትን ሁሉ ለእርሱ ሊያስረክቡ እንደሚወዱ አጫወቱት። በመጀመሪያው ቀን ሊያውቀው የፈለገውም ይህንኑ ነበር።