የቤዝ ሣጥን በባጃጅ ውስጥ

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ይፋት ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ ተነሥቶ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፥ መጀመሪያ ካፖርቱን ያወልቃል፤ ቀጥሎ ባጃጅ ይፈልጋል። ባጃጁን ግን ገና ሳያየው ይሰማዋል። ዘፈኑ አይለይም፤ ደረትን የሚደቃው ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ነው ቀድሞ የሚመጣው። ይህ ወፍራም ድምፅ ምን ያህል ቦታና ምን ያህል ገንዘብ እንደሚበላ ባለፈው ክረምት በዕረፍታችን ስለ ተማርን፥ ለጓደኞቻችን ልናካፍል ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኛ ጋር አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰና አሁን በብድር የገዛውን ባጃጅ የሚነዳ ወዳጃችን አንድ ቀን ጠራንና «እናንተ ፊዚክስ ትማሩ የለም? እንግዲያው ይህን አስገቡልኝ» አለን። ያሳየን ከአዲስ አበባ የመጣ፥ ለእስፖርት መኪና ተብሎ የተሠራ ሣጥን ነው። 12 ኢንች እስፒከር ተገጥሞበታል፤ በጎኑ «1000 ዋት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ሻጩ ምን ብሎ እንዳመሰገነለት መድገም አያስፈልግም።

አንድ ሰው፥ እስፒከሩ ብቻውን ይበቃ የለምን? ሣጥኑ ለምን አስፈለገ? ይል ይሆናል። እስፒከር አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለውን ይስባል። ሁለቱ ሞገዶች ዞረው ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ በተለይም ወፍራሙ ድምፅ እንደ ልቡ ስለሚዞር ይበልጥ ይጠፋል። ሣጥኑ የኋላውን ሞገድ አስሮ ያስቀራል ማለት ነው። ነገር ግን የታሰረው አየር ራሱ እንደ ሞላ ነው። ሣጥኑ ሲያንስ ሞላው ይጠነክራል፤ ሞላው ሲጠነክር ድምፁ ይቀጥናል። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ መግባት አያሻም። ውኃ የምትቀዳ ልጅ እንስራው መሙላቱን የምታውቀው ዐይኗን ከፍታ ሳይሆን ጆሮዋን ሰጥታ ነው፤ በውስጡ ያለው አየር እያነሰ በሄደ መጠን ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳልና።

በዚህ ጉዳይ ከኛ አስቀድመው የተጨነቁ ብዙዎች ናቸው። አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር በ1954 እ.ኤ.አ. ያንኑ የታሰረ አየር ሆን ብሎ እንደ ሞላ በመጠቀም፥ ቀድሞ ቁም ሣጥን የሚያህለውን ድምፅ ማጉያ በመደርደሪያ ላይ ወደሚቀመጥ ሣጥን አወረደው። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል ደግሞ በ1961 እ.ኤ.አ. የሣጥኑንና የእስፒከሩን ልክ የሚያዛምደውን ሒሳብ አወጣ። ከቪልቹር ዘመን ሰዎች አንዱ የሆነው አንቶን ሆፍማን ግን ለባጃጅ ነጂ ሁሉ የሚጠቅም ሕግ ተወልን። ይኸውም፥ ወፍራም ድምፅ፥ ትንሽ ሣጥንና ጥቂት ኃይል፤ ከሦስቱ ሁለቱን ምረጥ፥ ሦስተኛውን ተወው የሚል ነው።

ወዳጃችን ሦስቱንም ፈለገ።

ሜትር ይዘን ከተሳፋሪው ወንበር ኋላ ከሞተሩ በላይ ያለውን ቦታ ለካን። የሚገባው ሣጥን በውጭ ልኩ 80 በ25 በ35 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ 70 ሊትር ማለት ነው። ደስ አለን። ነገር ግን እንጨቱ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ይህ ከየጎኑ ሲቀነስ በውስጥ የሚቀረው 51 ሊትር ብቻ ነው፤ 19 ሊትሩን እንጨት በላው! ቀጭን ኮምፖንሳቶ እናድርግ እንዳንል፥ ቀጭኑ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ድምፁን ያበላሻል። የኤምዲኤፉ ክብደትም እስፒከሩ ሳይጨመር ወደ 15 ኪሎ ይጠጋል፤ እርሱም በሦስት እግር በሚቆም ተሽከርካሪ ላይ ከፍ ብሎ የሚጫን ነው።

ያም ሆኖ የዋናው ስሕተት ምንጭ ሌላ ነው። ሣጥኑ የተሠራው ለእስፖርት መኪና ነው፤ እስፖርት መኪናም ጠባብ ቢሆን መስኮትና በር ያለው ዝግ ነው። በሰከንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ሞገዱ 9 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ እንደዚህ ያለ ሞገድ በ2 ሜትር ተኩል ጋቢና ውስጥ መዘርጊያ ያጣል። ስለዚህ ውስጥ ያለውን አየር በሙሉ እንደ ብስክሌት መንፊያ ይጨምቀዋል። ለዚያ ርዝመት ይህ የሚጀምረው ከ70 ኸርዝ ገደማ በታች ነው፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ እየወፈረ በሄደ ቁጥር መኪናው ራሱ ያግዘዋል። በትንሽ መኪና ትንሽ ሣጥን ተአምር የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ባጃጅስ? ሁለት ጎኑ ክፍት ነው። በሸዋ ሮቢት ፀሐይ መጋረጃ ዝጉ የሚል ቢገኝ ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። ስለዚህ እገዛው ሁሉ ወደ ሜዳ ይፈስሳል፤ የሚጠቀመውም የከፈለው ተሳፋሪ ሳይሆን በመንገድ ዳር ያለው ሱቅ፥ የሚሰግደው ሰውና የታመመው ጎረቤት ነው።

ስለ 1000 ዋቱም አንድ ነገር እንበል። 1000 ዋትን ለ12 ቮልት ብታካፍሉት የአምፕሊፋየሩ ብክነት ሳይታሰብ 83 አምፔር ይወጣል። የባጃጅ ኤሌክትሪክ ለመብራት፥ ለክላክስና ባትሪ ለመሙላት የተለካ ነው እንጂ ይህን አይሸከምም። ስለዚህ ወይ ወረቀቱ ይዋሻል፥ ወይ ባትሪው ይሞታል። እኛ እንዳየነው ሁለቱም ሆነ። በመጀመሪያው ሙከራችን ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ሳናደርግ በቀጭን ሽቦ አገናኘነው፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ከቤንዚን አጠገብ እንዲህ ያለ ቀልድ የለም።

ይህን ስናደርግ አንዲት እናት አንድ ጆንያ ሽንኩርት አስይዘው መጡ። ጆንያው መግቢያ አጣ። እሳቸውም ሣጥኑን በእጃቸው መታ መታ አድርገው «ልጄ፥ ይህ ምን ጭኗል?» አሉት። «አየር ነው፥ እማማ» ቢላቸው፥ «አየርማ በውጭም ሞልቷል» ብለው ሌላ ባጃጅ ጠሩ። ወዳጃችን የዚያን ለት ማታ ስንት ጆንያ ሽንኩርትና ማሾ እንዳመለጠው ቁጭ ብሎ ቆጠረ። ብድሩ የሚከፈለው ከዚያ ነው።

በማግሥቱ ትልቁን ሣጥን አወጣን። ሰፈር ያለ አናጢ በ33 ሴንቲ ሜትር ወርድ ትንሽ ሣጥን ሠራልን፤ በውስጥ 20 ሊትር ያህል ይይዛል፤ 10 ኢንች እስፒከር ተገጠመለት፤ ቀዳዳ የለውም፥ ዙሪያው በኮላ ተደፍኗል። ከ80ው ሴንቲ ሜትር 47ቱ ለጆንያ ተረፈ። የባጃጁ ሞተር የሚቀዘቅዘው በንፋስ ስለ ሆነ የንፋሱን መግቢያ እንዳይዘጋ ሣጥኑን ከታች በላስቲክ ከፍ አደረግነው። አምፕሊፋየሩ 60 ዋት፥ ፊውዙ 10 አምፔር፥ ከባትሪው ጥቂት ጣት ርቆ። ከ1000 ወደ 60 መውረድ ውርደት የሚመስለው ካለ፥ ጆሮ እንደ ነጋዴ እንደማይቆጥር ይወቅ፤ ድምፅ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን ኃይሉ ዐሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ወረቀቱ እውነት ቢናገር እንኳ ልዩነቱ ከእጥፍ ጥቂት የሚያልፍ ነበር።

ወዳጃችን ከሁሉ የወፈረው ድምፅ ጎደለብኝ ይላል፤ እውነቱን ነው፥ ጎድሏል። የሞተሩ ንዝረት ብሎኖቹን ስለሚያላላቸውም በየሳምንቱ ያጠብቃቸዋል። ትልቁ ሣጥን እስካሁን ገዢ አላገኘም፤ በእናቱ ቤት ጓዳ ማሾ ተሞልቶ ተቀምጧል፤ 51 ሊትር ልክ እንደሚይዝ እዚያ አረጋግጠናል።